የተሻሻለ እንግሊዝኛ

እንጦጦ ሥር ያለ አንድ ሆቴል የጄኔሬተር ቴክኒሻን ሲፈልግ ማስታወቂያውን ያስተየበው እኔ ጋ ነው። ሾላ ገበያ ጀርባ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የለም፤ የሰው ሲቪ ስተይብ ነው የለመድኩት። ሀገሩ ሁሉ «ታታሪና በቡድን መሥራት የሚችል» መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ማስታወቂያው «ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው» ይላል። ጄኔሬተሩ አማርኛ አይሰማ ይሆናል ብዬ ተየብኩ።

ወዲያው ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ ሲመጣ ለተዋወቅኩት ለየማነ ደወልኩለት። ከአስመራ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ጄኔሬተር ሲጠግን የኖረ ሰው፣ እዚህ ካራ ሰፈር መኪና ያጥባል። አማርኛው ገና ነው። እንግሊዝኛው ግን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የተማረበት ስለሆነ ይንቆረቆራል።

«እጄ ሙያውን እየረሳ ነው» አለኝ ሲቪውን ስሠራለት። «ይህች ሥራ ካመለጠችኝ አበቃ።»

ገባ። ሃያ ደቂቃ አወራ። ወደቀ።

ምክንያቱን የሰማሁት የሆቴሉ የሰው ኃይል ኃላፊ አቶ ለይኩን ያንኑ ማስታወቂያ ሊያስደግሙ ሲመጡ ነው።

«ሰው ጠፋ እንዴ፣ ጋሼ?»

«ጠፋ! አንድ ኤርትራዊ መጥቶ ነበር። ባለሙያ ይመስላል፤ ቋንቋ ላይ ችግር አለበት እንጂ።»

«አማርኛ?»

«እንግሊዝኛ! ሦስት ሰው ቁጭ ብለን አንድ ቃል አልገባንም።»

«ታዲያ ቀስ አድርጋችሁ በአማርኛ ብትሞክሩትስ?»

«ደረጃ አለን፣ ልጄ! ኮከብ ልናወጣ ነው እኮ።»

ኮከቡ ይውጣላቸው። እሳቸው እንደወጡ የማነን ጠራሁት።

«ስማ፣ የጣለህ እንግሊዝኛ መቻልህ ነው። ሰባብረው። ‹የስ ሰር፣ ጄኔሬተር፣ ናይን ይርስ፣ ኖ ፕሮብሌም› በል። ከዚያ ፈገግ።»

«ውርደት ነው፣ ሓፍተይ።»

«እህቴ ካልከኝ እህትህን ስማ። የሰው ጎማ መፈግፈጉ ሹመት ነው?»

ሁለት ቀን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ተለማመደ። ረጅም ዓረፍተ ነገር ባመለጠው ቁጥር ጠረጴዛውን በማስመሪያ እመታለሁ። እንዲህ ያለ ተማሪ አይግጠማችሁ፤ የሚያውቀውን አለማወቅ ጭራሽ አይገባውም። በሦስተኛው ቀን ጥርሱን ነክሶ እንደገና ለቃለ መጠይቁ ሄደ።

ዓርብ ዕለት አቶ ለይኩን እየተፍነከነኩ ገቡ። የቅጥር ደብዳቤ ሊያስተይቡ ነው።

«አገኘን! ያው ኤርትራዊ ነው። በአሥር ቀን እንግሊዝኛውን እንዴት እንዳሻሻለው ብታይ! አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል።»

«አይ ጉብዝና!» አልኩ፣ ዓይኔን ከኪቦርዱ ሳላነሳ።

«እኛ የምንፈልገው እንዲህ ራሱን የሚያሻሽል ሠራተኛ ነው። እሱንም ደብዳቤው ላይ አስገቢልኝ።»

አስገባሁላቸው። የሙከራ ጊዜው ስልሳ ቀን ነው። እስኪያልቅ ድረስ እዚያ ግቢ ውስጥ በእንግሊዝኛ እንዳያስነጥስ አስጠንቅቄዋለሁ።