ሁለት መቶ አርባ ሊትር ብርሃን

በአንድ ሰፈር ሊቁ የሚሉት አምፖል ሻጭ ነበረ። ሊቁ ያሉት ስለማያውቀው ነገር ሲጠየቅ አንድም ቀን «አላውቅም» ብሎ ስለማያውቅ ነው። ስለ መኪና ሞተር ያውቃል፤ ስለ ኩላሊት ጠጠር ያውቃል፤ የጨረቃን ርቀት ቢጠይቁትም ሄዶ እንደተመለሰ ሰው «ያው እንደ መንገዱ ነው» ይላል። ሚስቱ ይህን ሁሉ ስትሰማ ኖራለች። ትሰማለች እንጂ አትመልስም፤ ዝም አይነቅዝም ባይ ናት።

ሱቁ ግን ነቀዘ። ማዶኛው የሚባል ሌላ ሻጭ ትይዩ ከፍቶ፣ ሦስት ኮከብ የታተመባቸውን አምፖሎች እየሸጠ ደንበኛውን ሁሉ ወሰደ። የቀረች ተስፋ አንዲት ብቻ ነበረች። ከመንገዱ ራስ ያለው ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ የደረጃውንም የየቤቱንም አምፖል በሙሉ ሊቀይር ነው፤ ኮሚቴውም «የኮከብ ምልክት የሌለው አንቀበልም» ብሏል። ትእዛዙ ከተገኘ ሱቁ ይተርፋል፤ ካልተገኘ ይዘጋል።

ባልና ሚስት ኮከቡን ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዱ። ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ተቀበለቻቸው።

«ዋት የሚበላው ነው፤ ሉመን የሚሰጠው ብርሃን ነው» አለች። «ትንሽ በልቶ ብዙ የሚሰጥ አምፖል ኮከቡ ይበዛል። ኮከብ የቁጠባ ምልክት ነው፤ የድምቀት አይደለም።»

የሊቁ ሚስት ባሏን በጎን አየችው። በዚህ ሒሳብ እሱ ቢለካ ግማሽ ኮከብም አያገኝ። ወዲያው ስለዚህ ሐሳቧ ፈጣሪዋን ይቅርታ ጠየቀች፤ ሐሳቡን ግን አልሰረዘችውም።

«ናሙና ይዣለሁ» አለ ሊቁ፣ መርጦ የወለወላቸውን አምፖሎች ከቦርሳው እያወጣ።

«እርስዎ የመረጡትን አንለካም። ከመጋዘንዎ እኛው እናነሳለን። ብርሃኑን ከለካን በኋላ ደግሞ ወራት ሙሉ ሳናጠፋ እናበራቸዋለን፤ ስንቱ እንደሚቃጠል እናያለን።»

«ወራት! አምፖል ነው ያመጣሁት ወይስ እርጉዝ ሴት?»

«እርጉዟም የምትወልደው ቀኗ ሲደርስ ነው፣ አባባ።»

ሊቁን ከወራቱ ይልቅ አባባ መባሉ አንገበገበው። አምፖሎቹን ሰብስቦ ወጣ።

በማግስቱ ሚስትየው ማእድ ቤት ገብታ ፍሪጁን ስትወለውል፣ በሩ ላይ ተለጥፎ የኖረው የኮከብ ወረቀት የለም። ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ጥቂት ቀን ቆይታ ሱቅ ስትሄድ ደግሞ በየአምፖሉ ካርቶን ላይ አምስት አምስት ኮከብ ተደርድሯል። አንዱን አንስታ መነጽሯን አደረገች። ከኮከቦቹ ሥር «ይዘት፦ 240 ሊትር» ይላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ የፍሪጃችን ወረቀት ነው!»

«ነበር። የማዶኛው ሦስት ኮከብ ነው፤ እኔ አምስት አስደረግሁት።»

«ሊትር ይላል እኮ!»

«ቢልስ? ብርሃን አይፈስም? ፀሐይ በመስኮት ስትፈስ አይተሽ አታውቂም? የሚፈስ ነገር በሊትር ነው።»

«አታሚውስ ምንም አላለህ?»

«የታችኛውን ጽሑፍ ላውጣው ወይ አለኝ፤ ተው አልኩት። ማኅተም ያለበት ነገር የሚታመነው ጽሑፍ ሲበዛበት ነው። ሰው ኮከብ ይቆጥራል እንጂ ማን ያነባል?»

«እኔን ከዚህ ነገር አታነካካኝ።»

«አንቺ ምንም አትዪ። ኮሚቴው ፊት አጠገቤ ቁጭ በይልኝ ብቻ። አንቺ ያለሽበት ነገር ይታመናል።»

ይህኛው ለአንድ ጊዜ እንኳ እውነት ነበር። በሰፈሩ እሷ አየሁ ያለችው ታይቷል፤ አላየሁም ያለችው አልታየም። ሊቁም ስንት ዘመን ያቆየችውን ስሟን እንደ ፍሪጁ ወረቀት ልጦ አምፖሉ ላይ ሊለጥፈው ነው።

ኮሚቴው የሕንፃው ምድር ቤት ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ ዳይሬክተር ነው፤ አሁንም ሰው ሁሉ ተማሪው ይመስለዋል። በቀኙ ገንዘብ ያዥዋ፣ በግራው ትምህርቱን ሳይጨርስ ማዕረጉን የጨረሰ «ኢንጂነር» የሚሉት ሰው ተቀምጠዋል። ማዶኛውም የምርመራ ወረቀቱን ይዞ ከበሩ ሥር ቆሟል።

ሰብሳቢው የሊቁን ካርቶን አንስቶ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ይዘት፣ ሁለት መቶ አርባ ሊትር።» ራሱን ነቀነቀ። ገንዘብ ያዥዋም ነቀነቀች።

«ድምፁም ተለክቷል» አለ ኢንጂነሩ ተንጠራርቶ የሥረኛውን መስመር እያየ። «ዝቅተኛ ነው፤ ሌሊት አይረብሽም።»

ሰብሳቢው ወደ ማዶኛው ዞረ። «የእርስዎስ ስንት ሊትር ነው?»

«አቤት?»

«ይዘቱ!»

«አምፖል እኮ ነው፣ ጋሼ። ስምንት መቶ ሉመን ነው፣ ዘጠኝ ዋት…»

«የተጠየቁትን ይመልሱ።»

«ሊትር የለውም።»

«ይዘቱ አልተለካም ብለሽ ጻፊ» አላት ሰብሳቢው ገንዘብ ያዥዋን። ጻፈች። ሊቁ ደረቱ ተነፋ።

ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አነሳና ወደ ሚስትየው ዞረ። «እትዬ፣ በእርስዎ አፍ ሐሰት ሰምተን አናውቅም። ይህ አምፖል ተመርምሮ ነው ኮከቡን ያገኘው? በፈጣሪ ስም ይማሉልንና እንፈርም።»

ሊቁ በክርኑ ጎሰማት። እሷ ባዶ መደርደሪያ ታያት፤ የተዘጋ የሱቅ በር ታያት። ከዚያም ለአምፖል ሲባል የሚጠራው ስም የማን እንደሆነ አሰበች።

«አልምልም፣ ጋሼ» አለች። «ይሄ የማእድ ቤቴ ፍሪጅ ወረቀት ነው። ወተቱንም ሥጋውንም ጨምሮ ሁለት መቶ አርባ ሊትር የሚይዘው ፍሪጁ ነው። አምፖሉን ግን ማንም አልለካውም።»

ማዶኛው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«እኔ እኮ መጀመሪያም ገብቶኛል» አለ ሰብሳቢው ቀስ ብሎ። «ልፈትናችሁ ብዬ ነው።»

«እኔም» አለ ኢንጂነሩ። ገንዘብ ያዥዋ የጻፈችውን በእጅጌዋ ሸፈነች።

በሊቁ የሚቆጡ ይመስል ነበር። ሰው ግን ያታለለውን ይምራል እንጂ ሲታለል ያየበትን አይምርም። «እትዬ» አለ ሰብሳቢው ፊቱ ቀልቶ፣ «ይሄ ባልና ሚስት ቤታቸው የሚጨርሱት ጉዳይ ነው። በጉባኤ ፊት ባልን ማዋረድ ከእርስዎ አይጠበቅም።» ከዚያም ኮከብ ሁሉ ማጭበርበሪያ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ምንም ምልክት የሌለው አምፖል ከኢንጂነሩ የአክስት ልጅ እንዲገዛ ተወሰነ። በሙሉ ድምፅ። ማዶኛው እውነተኛ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«በሊትር ሸጥሽኝ!» አለ ሊቁ መንገድ ላይ።

«ዝም ብለህ ሂድ» አለችው። ይህን ያህል መልሳለት አታውቅም ነበርና ዝም ብሎ ሄደ።

ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ ሚስትየው የቀረውን ዕቃ ካርቶን ውስጥ ስታስገባ፣ ሰብሳቢው ግራ ቀኙን አይቶ ገባ። የአክስት ልጁ አምፖል ተቃጥሎ የሕንፃው ደረጃ እንደገና ጨልሟል ይባላል።

«እትዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለራሴ ቤት ነው፤ ለኮሚቴው አይደለም። ማታ ማንበብ አቃተኝ። ደህናው አምፖል የትኛው ነው?»

ሊቁ ከወንበሩ ዘለለ። «ጌታዬ! ይኸውልዎት…»

«እዚህ የለም፣ ጋሼ» አለች ሚስትየው። «ማዶ ይሂዱ። የሱ ተለክቷል።»

«እሱን ማየት ያሳፍረኛል።»

«ያሳፍራል እንጂ አይገድልም።»

ሰብሳቢው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ተሻገረ።

«በእግሩ የመጣ ደንበኛ!» አለ ሊቁ ራሱን ይዞ። «በእግሩ የመጣ!»

«ይልቅ ይሄን ካርቶን ያዝልኝ» አለችው።

ያዘላት። እግረ መንገዱንም ካርቶን እንዴት እንደሚያዝ አስረዳት።