የሎሚው ዋስ

ጓሮዬ ያለው ሎሚ ከእኔ ይብሳል፤ ጠጋ ያለውን ሁሉ በእሾሁ ይወጋል። እናቴ ከአምባሰል ፍሬውን አምጥታ የዘራችው ነው። ሐይቅ ከተማ ዓሣ የሚጠብሱት ሁሉ ሎሚ የሚወስዱት ከእኔ ከአሰገደች ነበር። ጦርነቱ መጥቶ ከሄደ ወዲህ ግን ቅጠሉ ለምለም ነው፤ ፍሬ የሚባል የለም።

ያላፈራ ሎሚ ይገሠጻል። እናቴ «ያልፈራ አያፈራም» ትል ነበር። መጥረቢያ ይዛ ትቆምና «ዘንድሮ እቆርጥሃለሁ!» ትለዋለች። ጎረቤት ደግሞ ሮጣ መጥታ «ተይው፣ ለከርሞ ያፈራል፤ ዋስ ነኝ!» ትላለች። ሎሚው ይሰማል። ዋሱ ከሌላ ቤት መሆን አለበት፤ የቤት ሰው አይሆንም። ዋስ ከጠፋ መቁረጥ ነው። በባዶ ያስፈራሩት ዛፍ ከዚያ ወዲያ ማንንም አይሰማም።

የእኔ ሎሚ ዋስ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ኡሙሰልማ ነበረች። ልጆቻችን ከአንድ ገበታ በልተው ነው ያደጉት። በሁለት ሺህ አሥራ አራት ጥቅምት ጦሩ ሐይቅ ሊገባ ሲል ግን ቤተሰቧን በጭነት መኪና ጭና ወደ ደሴ ስትሄድ ድምጿን አላሰማችኝም። ልጄ አሻግሬ ያኔ ለሥራ ሰመራ ነበር። የመድፉን ጩኸት ብቻዬን አልጋ ሥር ሆኜ ሰማሁት። ስትመለስ «እንኳን ደህና ገባሽ» አላልኳትም። እሷም ደጄን አልረገጠችም። ይኸው ተኮራርፈን ቀረን።

አሻግሬ ከተመለሰ ጀምሮ ሎሚውን ነቅሎ ጫት መትከል ያምረዋል። «እማ፣ እሾህ ታቅፈሽ እስከ መቼ?» እያለ ይነዘንዘኛል። አንድ ጠዋት ንዴት አናቴ ላይ ወጣና «እንግዲያው ዛሬ አስፈራራዋለሁ፤ ዋስ ካልተገኘ ቁረጠው!» አልኩት። እሱ እቴ! መጥረቢያውን ስሎ ከተፍ አለ።

ጓሮ ገብቼ «ዘንድሮ አለቀልህ! እቆርጥሃለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ከአጥሩ ወዲያ የኡሙሰልማ ዶሮዎች ይጭራሉ።

«እማ፣ ዋስሽ የታለች?»

«ጆሮ አላት፤ ትስማ።»

«ሄደሽ ጥሪያታ።»

«እኔ? ሞቼ እገኛለሁ!»

«እንግዲያስ ቃልሽ ቃል ነው» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

ደግሜ ጮህኩ። ይኼኛው ጩኸት ቁጣ አልነበረበትም፤ ለራሴም ልመና መሰለኝ። አሻግሬ ቅርንጫፉን ሲገፋ እሾህ ወጋው፤ ተሳደበና መጥረቢያውን አነሳ። እኔ አሰገደች ቃሌን አልበላም፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ተው! ተው አንተ ልጅ! ዋስ ነኝ!»

ኡሙሰልማ ናት፤ አጥሩን ጥሳ፣ ሻሿ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ።

«ዋስ የሆንኩት ለሎሚው ነው፤ ለአንቺ እንዳይመስልሽ» አለችኝ።

«ለእኔማ ያኔ ነበር መጮህ። ስትሄጂ መች ጠራሽኝ!»

«ብጠራሽ ትመጪ ነበር?»

«አልመጣም።»

«ቆመሽ ትከራከሪኝ ነበር። አንቺ ክርክርሽን ሳትጨርሺ መድፉ ይደርስብን ነበር። የልጄን ሕፃናት ይዤ ነበር፣ አሰገደች! ወላሂ፣ ደሴ እስክገባ እንባዬ አልቆመም።»

«ቢሆንም መጥራት ነበረብሽ።»

ሻሿን ከእንጨቱ አላቀቀችና «ነበረብኝ» አለች።

ጥፋቷን እንዲህ በቀላሉ የምታምን ሴት አይደለችም። ወደ ልጄ ዞርኩ።

«መጥረቢያህን አስቀምጥ።»

«ጫቱስ?»

«አናትህ ላይ ትከለው!»

ኡሙሰልማ ሳቋ አመለጣት። ሻሿን አስተካክላ ከሎሚው ሥር ቁጢጥ አለችና አፈሩን በጣቷ ጫረችው። «ድንጋይ ሆኗል እኮ! ስትሰድቢው ከርመሽ ውሃ ነፈግሽው?»

ወገቤ ውሃ መሸከም ካቆመ ቆይቷል፤ ይህን ግን አልነገርኳትም። እሷው ፊቴን አይታ ገባት።

«ዋስ ማለት አፍ ብቻ አይደለም» አለች። «በየማታው እየመጣሁ አጠጣዋለሁ። አብሽሪ፣ ያፈራል።»

«ባያፈራስ?»

«እኔን ትጠይቂያለሽ።»

አጥሬን አየሁት፤ ላም ያለፈችበት ይመስላል።

«በበሩ ነይ እንግዲህ» አልኳት።