ለፌዴሬሽን የተጨበጨበ ዕለት

ሸኩር ፈለቀን ማመን ካቆመ ቆይቷል። መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ባንድ ቤት ጎን ለጎን ልብስ ይሰፋሉ፤ ሻይም አብረው ይጠጣሉ። ታዲያ ይህ ሰው ቀበሌ ለቀበሌ የሚመላለሰው ምን ቆርጦት ነው? «ለካድሬዎቹ ዩኒፎርም ልለካ ነው» ይላል። ይበላ! ሸኩር ይህን የሚውጥ ሞኝ አይደለም።

በሰባ ስምንት፣ ሰኔ ላይ፣ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ለውይይት ወረደና የቀበሌው ሰው አዳራሽ ተጠራ። «በነጻነት ተናገሩ» ተባለ። በነጻነት! ሸኩር ፈራ። አስተማሪው ታናሽ ወንድሙ ሙሐዲን የተባለውን ሁሉ የሚያምን ልጅ ነዋ። «ማሎ ሙሐዲን፣ አፍህን ያዝ» ብሎ ለምኖት ነበር።

ሙሐዲን ግን ተነሣ። «ረቂቁ መንግሥታችን አሐዳዊ ነው ይላል። እኛ ግን ብዙ ብሔረሰቦች ነን። ሁሉም በየቋንቋው ራሱን ቢያስተዳድር፣ የጋራው ጉዳይ ለማዕከል ቢተው፣ አንለያይም፤ እንዲያውም እንፋቀራለን። ፌዴሬሽን ይሁን ነው የምለው» ብሎ ቁጭ አለ።

አዳራሹም አጨበጨበ! ምን ያድርግ፤ ተናጋሪ በተቀመጠ ቁጥር ማጨብጨብ ልማዱ ነው፣ ግማሹም አንቀላፍቶ ነበር። ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የመጣው ካድሬ ጠረጴዛውን ሲደልቀው ነው ጭብጨባው የቆመው።

«ፈለቀ! ይህን ልጅ ማን ነው ያስተማረው?» አለ ካድሬው።

በስሙ ጠራው! አላልኩም? አለ ሸኩር በልቡ።

«እንጃ ጓድ፤ እኔም እያጨበጨብኩ ነበር» አለ ፈለቀ። ሰዉ ሳቁን ዋጠና ስብሰባው ተበተነ።

በማግሥቱ ጠዋት ፈለቀ የስፌት መኪናው ላይ ሳይቀመጥ ወደ ሸኩር ጠጋ አለ። «ስማኝ፣ ወንድምህን ዛሬ ሊይዙት ነው። ሱሪ ስለካ ሲያወሩ ሰማሁ። አሁኑኑ ሰቃ ይሂድ፣ ዘመዶቻችሁ ዘንድ። እኔን ከጠየቁኝ በአሰንዳቦ በኩል አዲስ አበባ ሄደ እላቸዋለሁ።»

«አላህ ይስጥህ» አለው ሸኩር። ልቡ ግን ሌላ ይላል። ሰቃን ምን አስመረጠው? እዚያ ሊያስጠብቁት ነዋ! ወላሂ አይሆንም! ሮጦ ሄዶ ሙሐዲንን ከቤት አወጣውና ቡና የጫነ መኪና ላይ አሳፈረው፤ በአሰንዳቦ በኩል፣ አዲስ አበባ። ወደ ስፌቱ ሲመለስ በብልጠቱ ደስ ብሎት ነበር። እኔን ሊሸውደኝ? እያለ።

ብዙም ሳይቆይ ካድሬዎቹ መጡ። ሸኩር አንገቱን ደፍቶ «አላየሁትም» አለ። እሱን ትተው ፈለቀን ወደ ውጭ ጎተቱት። የጥፊው ድምፅ እስከ ውስጥ ይሰማል። ፈለቀ ዝም፤ አሁንም ጥፊ፤ አሁንም ዝም። ሸኩር መቀሱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ያ ረቢ፣ ሰላይ እንዲህ ይደበደባል?

«እሺ፣ እሺ! በአሰንዳቦ!» ብሎ ጮኸ ፈለቀ። «በአሰንዳቦ በኩል ነው የሄደው!»

ሸኩር ብድግ አለ። ምን ብሎ ይጩህ? የካድሬዎቹ ላንድሮቨር አቧራውን አስነሥቶ ሲፈተለክ በበሩ ታየው። ቡና የጫነ መኪና ደግሞ ቢፈጥን የት ይደርሳል?

ፈለቀ የደማ ከንፈሩን በእጅጌው እየጠረገ ገባ። ሸኩር ደንግጦ ቆሞ ሲያየው ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አይዞህ ሸኩር» አለው፤ «አመኑኝ።»