ጥዱ ያልወረደበት ሰኔ

በቪየና ዳር ባለችው ስታመርስዶርፍ በደጁ የጥድ ቅርንጫፍ የሰቀለ ወይን ቤት የገዛ ማሳውን ወይን ብቻ ነው የሚቀዳው። ሲያልቅበት ቅርንጫፉን ያወርዳል፣ በሩን ይዘጋል። እዚያ ያደገ ሰው ይህን የሚያውቀው ገና ጡት ሳይጥል ነው።

ሄድቪግና ታናሽ ወንድሟ አሎይስ ከአባታቸው የወረሱትን ማሳ አምና በረዶ ፈጀው። የሞላው አንድ በርሜል ብቻ ነበር፤ እሱም ፋሲካን አያልፍም ተብሎ ነበር። ይኸው ሰኔ ገባ፣ ጥዱ አልወረደም። አሎይስ ከምድር ቤት በጆግ እየሞላ ያመጣል፣ ሄድቪግ ትቀዳለች። እሷ እንደሆነች ከክረምቱ ትኩሳት ወዲህ ምላሷ ጨውና ስኳር አይለይም። ወንድሜ በቁጠባ ይዞት ነው ብላ አመነች፤ የእናት ልጅ ካልታመነ ማን ይታመናል?

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ጋሽ ኩኒበርት፣ አርባ ዓመት እዚያው ወንበር ላይ የጠጡት ሽማግሌ፣ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ይሄ የእናንተ አይደለም አሉ። ሄድቪግ ደሟ ፈላ።

«የእኛ ካልሆነ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!»

በሰው ፊት ማለች። አልበቃትም፣ ሽማግሌውን ከቤቷ አስወጣቻቸው።

እሑድ ረፋድ ላይ ዳቦ በሽንኩርት ስትበላ ሽንኩርቱ ምላሷን ፈጀው። ጣዕሟ ተመለሰ! የአባቷን ወይን ልትቀምስ እየሮጠች ምድር ቤት ወረደች። በርሜሉን ስታንኳኳው ባዶ ነው። ከጀርባው ጄሪካን ተደርድሯል። ቀመሰችው፤ የሌላ አገር ወይን ነው፣ ስኳር የበዛበት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!

አሎይስ ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«እህት ዓለም፣ ቤታችን እንዳይዘጋ ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ውሸት አይሆንልሽማ። ሰው የሚያምነው አንቺን ነው፤ አንቺ ከቀዳሽው ማንም አይጠይቅም።»

በሕመሟ ነገደባት፣ ይሄ ጉደኛ! ሄድቪግ ጠጪዎቹ ወደ ተቀመጡበት ግቢ ወጥታ ጥዱን አወረደችና፣ ከፋሲካ ወዲህ የጠጣችሁት የእኛ አይደለም፣ እኔም ያወቅሁት አሁን ነው አለች።

«የቀዳሽው አንቺ፣ የማልሽው አንቺ» አለች ከጠጪዎቹ አንዷ። «አላውቅም ነበር ነው የምትዪን?»

ሄድቪግ ተከትሏት ወደ ወጣው ወንድሟ ዞረች። «አሎይስ፣ እስቲ ንገራቸው።»

አሎይስ ጨርቅ አንስቶ ጠረጴዛ መጥረግ ጀመረ።