ጠሪ የማያሻው ለቅሶ

ዘመናትን የሚያፈራርቅ፣ የሰው እንባ የትም ቢፈስ የማይዘነጋ እግዚአብሔር ይህን ነገር ያውቀዋል፤ እኛም እርሱ በፈቀደልን ጊዜ እንናገረዋለን።

ደርግ ሥልጣን በያዘ ማግሥት፣ ከአይከል መለስ ብላ ወደምትገኝ አንዲት የገበያ መንደር ኩሪያን የሚባሉ ህንዳዊ የሒሳብ መምህር መጡ። ዘራቸውን ከሐዋርያው ቶማስ ደቀ መዛሙርት የሚቆጥሩ ክርስቲያን ናቸው። መንደሩ ግን «ሚስተር» ይላቸዋል።

በመጡበት ዓመት ጎረቤታቸው አያ ክንዱ አረፉ። መምህሩ ደወላቸውን ደውለው ሲያስተምሩ ዋሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የሚመልስላቸው ጠፋ፤ ወተት የምትሸጥላቸውም ሴት «ላሚቱ ነጠፈች» አለች። ነገሩ ቢጨንቃቸው ቤት ያከራዩአቸውን አያ ላቀውን ጠየቁ።

«ሚስተር፣» አሉ አያ ላቀው፣ «ሰው ሰርግ ካልጠሩት ይቀራል። ለቅሶ ግን ጠሪ አያሻውም።»

«ሄጄ ምን እላለሁ?»

«ምንም። ትቀመጣለህ። ስትነሣ ‹እግዜር ያጥናችሁ› ትላለህ።»

«እንባ ባይመጣስ?»

«እሱን የእኛ ቤት ጭስ ያመጣልሃል፤ አታስብ!»

መምህሩ ተማሩ። ዝናብ ቢጥል ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ጭቃ ቢይዛቸው ጫማቸውን አንጠልጥለው ለቅሶ ይደርሱ ጀመር። የነጠፈችው ላምም ታለበች። «ሚስተር እኮ ሸጋ ሰው ሆነ» ተባለ።

ኋላ ያ ክፉ ዘመን ደረሰ። ከመምህሩ ዘንድ ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ ጎንደር የገባው ፋንታሁን፣ የእማማ እናኑ አንድያ ልጅ፣ ከእኩዮቹ ጋር ተረሸነ፤ ሬሳውም ለእናቱ አልተሰጠም። ቢያዝን የሚባለው የቀበሌው ሊቀ መንበር ገበያ መካከል ቆሞ፣ «ለአብዮት ጠላት ያለቀሰ እርሱም ጠላት ነው!» ሲል አወጀ። መንደሩ በሩን ዘጋ።

መምህሩ ጃንጥላቸውን አንሥተው ሲወጡ አያ ላቀው ደጃፉ ላይ ቆሙባቸው።

«ዛሬስ ቅር። እንጀራህን ያሳጡሃል። በአገርህ ደመወዝህን የሚጠብቁ ልጆች አሉህ።»

«አያ ላቀው፣ ጠሪ አያሻውም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ያ ሌላ ዘመን ነው። ጊዜው ተለወጠ፤ አንተም ተለወጥ።»

«እኔማ አንዴ ተለወጥሁ። የለወጣችሁኝም እናንተ ናችሁ» ብለው አለፉ።

በእማማ እናኑ ቤት ምድጃው በርዷል፤ እህል ይዞ የመጣ ጎረቤት የለም። እማማም ነጠላቸውን ለሐዘን ማዘቅዘቅ እንኳ ፈርተው፣ እንደ ደህና ቀን ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምነው መጣህ፣ ልጄ? ያዩሃል።»

መምህሩ ከጎናቸው ተቀመጡ። ጭስ አልነበረም። እንባቸው ግን ወረደ። እማማ እናኑ ያን ጊዜ አፍነው የያዙትን ዋይታ ለቀቁት፤ ድምፃቸው ወንዝ ማዶ ተሰማ። ከመንደሩ በር አንድም አልተከፈተም።

የመጣው ሊቀ መንበሩ ቢያዝን ነው፤ ከኋላው ታጣቂ አስከትሏል።

«ለማን ነው የምታለቅሰው?»

«ለተማሪዬ።»

«ፀረ አብዮት ነበር!»

«እኔ ዘንድ አንድም ቀን ከክፍል ቀርቶ አያውቅም።»

«እንግዲያው አገርህ ገብተህ አልቅስለት!»

ሳይውል ሳያድር ከሥራ አሰናብተው፣ በእህል ጫኝ ማኪና ላይ አሳፈሯቸው። እንግዳን እስከ ወንዙ መሸኘት ወጉ የሆነ አገር ያን ቀን ወጉን ረሳ። አያ ላቀውም በበር ቀዳዳ አዩ እንጂ አልወጡም። መንገድ ዳር የቆሙት እማማ እናኑ ብቻ ነበሩ፤ ነጠላቸውን በአደባባይ አዘቅዝቀዋል። ማኪናው ሲነሣ እጃቸውን ዘርግተው፣ «እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ» አሉ።

ወጋችንን የጠበቀልን አንድ ባዕድ ነበር፤ እርሱንም ሰደድነው።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ፣ እግዚአብሔር የወጣት ሞት ከደጃችሁ ያርቅ። የሐዘን ቀን ቢመጣም ሳይጠሩት የሚገባ ሰው አይንሣችሁ፤ ምድጃችሁንም አያብርድ። አሜን።