የቅዳም ሹር ቄጠማ

መምሬ ቴዎፍሎስን ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የቅዳም ሹርን ያህል ደስ የሚያሰኛቸው አልነበረም። ቄጠማ ታቅፈው በየቤቱ እየገቡ የትንሣኤውን ምሥራች ሲያበስሩ፣ ሰውም ቄጠማውን በራሱ ላይ ሲያስር፣ ሽማግሌው ቄስ ጎረምሳ ጎረምሳ ይላቸዋል። በዚያ ዓመት ግን (ባጃጅ ገና ፍኖተ ሰላም ሳይገባ ነው) ከከተማው ግርጌ ካለው ረግረግ ያጨዱትን ቄጠማ ቢያሸቱት ፊታቸው ተጨማደደ። የኮመጠጠ አተላ ይሸታል! በጉድጓድ ውሃ ቢያለቀልቁትም አልለቅ አለ።

ነገሩ ግልጽ ነው። ከረግረጉ በላይ ያሉት ጠማቂዎች ለፋሲካ ብለው ሁሉም ባንድ ሰሞን ጠመቁ፤ አተላውንም ቁልቁል ደፉት። ቀበሌው በየስብሰባው ቢለምናቸው፣ “ከብት የሚጠጣው ነገር ውሃን ምን ያደርገዋል?” ብለው አፉን አስያዙት። የረግረጉ ኩሬ ጠቁሮ አረፋ ደፍቋል፤ እንቁራሪት እንኳ አይሰማበትም።

ሌላ ቄጠማ ፍለጋ ጅጋ ድረስ እንዳይሄዱ ጊዜው የለም። ይህን የሚሸት ነገር ደግሞ ምሥራች ብሎ መስጠት? ሰው አውጥቶ ቢጥለውስ? መምሬ ጭንቅ ያዛቸው። በመጨረሻ ጋቢያቸውን አጣፉና ከጠማቂዎቹ ሁሉ ከምትበረታዋ ከንግሥቴ ቤት ጀመሩ።

ንግሥቴ አክፋይ ናት፤ ከትናንት ጀምራ እህል ውሃ አልቀመሰችም። መስቀል ተሳለመች፣ ቄጠማውን ግንባሯ ላይ አሰረች፤ ወዲያው አፍንጫዋን ያዘች።

“መምሬ! ምንድን ነው የሚሸተው?”

“ቄጠማ ነዋ፣ ልጄ።”

“ኧረ የኔን ጋን ነው የሚሸተው! በባዶ ሆዴ ሊያዞረኝ ነው።”

“ከጓሮሽ በታች ነው ያጨድሁት። ሌላ አጣሁ፣ ምን ላድርግ?”

ንግሥቴ ልትፈታው እጇን ሰነዘረች። ግን የተባረከ ነገር ነው፤ ቅዳሴው ሳያልቅ እንዴት ይፈታል? እጇን መለሰች።

“እንግዲህ ሰክራ ቤተ ክርስቲያን መጣች ሊሉኝ ነው!”

“ብቻሽን አይደለሽም፤” አሉ መምሬ፣ ሳቃቸው እያመለጣቸው። “ሰፈሩን ሁሉ አዳርሳለሁ።”

ጎረቤቷ እንቁ ባጥር ላይ ብቅ አለች። “ንግሥቴ፣ ምን ያስጮህሻል?”

“ቆይ ብቻ! ያንቺም እየመጣልሽ ነው፤” አለች፣ እሷንም ሳቅ እያፈናት።

ንግሥቴ ሳቋ እስኪቆም ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ አጎንብሳ ቁልቁል ኩሬውን አየችው።

ፋሲካ እንዳለፈ ባለ ጋሪውን ይሄይስን ጠርታ፣ አተላዋን በበርሜል ገጠር በሬ ለሚያደልቡ መላክ ጀመረች። እንቁም በርሜሏን እያንከባለለች መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ክረምቱ ገብቶ ረግረጉን አጠበው።

መስከረም ሲጠባ መምሬ አንድ እፍኝ ቄጠማ ነቅለው ወደ ንግሥቴ ወጡ። እሷም አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አሸተተችው።

“ምን ይላል?” አሏት።

“ጭቃ፣ ጭቃ ብቻ!” አለች እየሳቀች። “ለፋሲካ በርከት አርገው ይጨዱልን፣ መምሬ።”