ለአስር የተካፈለች አበባ

ሃይድራንጂያ የሚሉትን የአበባ ቁጥቋጦ እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው ከዚህ እስከ ባሕር ድረስ የለም። ችግኝ ሻጮች እንኳ ሲጨንቃቸው የኔን በር ነው የሚያንኳኩት። እህቴ ይህን ስትሰማ፣ «አዎ፣ አንዱ መጥቶ ውኃ ለምኖናል» ትላለች።

ታላቄ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። የኔን ወሬ ለአስር ካላካፈለች አትሰማም። በልጅነቴ መቶ ውሻ አባረረኝ ስላት፣ «አስር ነው፤ እሱም ቡችላ» ብላ ጉልበቴን ታጥብልኝ ነበር።

የስኳር በሽታው መጀመሪያ የጣቶቿን ጫፍ አደነዘዘ፣ ቀጥሎ ዓይኗን ያዘ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ነጥሎኝ፣ «ዓይኗ ዓመቱን አይዘልቅም» አለኝ። ለካ ከበሩ ኋላ ሆና ሰምታለች። ቤት ስንገባ፣

«እናታችን ደጅ የነበረውን ሰማያዊ አበባ አንዴ ልየውና ይጨልም» አለች።

«አንዴ? መስኮትሽ ሥር የተከልኩት ሃይድራንጂያ እኮ ዓመቱን ደጋግሞ የሚያብብ ነው! ግቢው ሰማይ ካልመሰለ ምን አለ በዪኝ፣ እታለም!»

አፌን ሳልዘጋ ውርጭ ወረደ። ግንዱን ከነእንቡጡ አከሰለው። ጎረቤታችን፣ ጡረተኛው ሹፌር፣ በአጥሩ አሻግሮ፣ «ሬሳ ታጠጣለህ እንዴ? ንቀለው!» ይለኛል።

«የኔ ተክል ሳልፈቅድለት አይሞትም! ሥሩ ደህና ነው። በአዲስ ቀንበጥም ያብባል።»

እውነትም ከሥሩ ቀንበጥ ወጣ። እህቴ በየማለዳው ከመስኮቱ፣ «እንቡጥ ያዘ?» ትላለች። አንድ ቀን ግን ሻዩን ከስኒው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ቀዳችው። ፀሐይ ግድግዳውን እያቃጠለ፣ «ዛሬስ ደመናው ከብዷል» አለች።

«ከብዷል፣ እታለም» አልኳት።

አበባዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልቀባ፣ «አብባለች። አንዲት ናት፤ ጡጫ ታህላለች» ብዬ ነገርኳት።

ነጠላዋን ሰበሰበች። ከዚያ፣ «ጡጫ ለአስር ተካፍሎ ምን ሊተርፍ? የለም በለኝና ይውጣልኝ» አለች።

ደግፌ አወጣኋት፤ በርጩማ ላይ አስቀምጬ እጇን አበባዋ ላይ አሳረፍኩት። የደነዘዙት ጣቶቿ እንጨት እንደሚዳብሱ ዳበሷት። ብታሸታት ሽታ የላትም።

«ቅጠል ነው» አለች። ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ቀልዴን ነው እንጂ የመኪና ጎማ ታህላለች! ያ ሹፌር ብርሃን ጋረዳችሁብኝ ብሎ ሊከሰን ነው! ንብ ብትዪ ከሦስት አገር ተሰልፎ—»

ፊቷ ተፈታ። «እንዲህ በለኛ፣ አንተ ቀጣፊ! ጎማ ለአስር... ጡጫ ታህላለቻ!» ሳቀች። እጇን ከአበባዋ ላይ አላነሳችም። «ቀለሟስ? የእናታችን ሰማያዊ ነው?»

አበባዋ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ጨርቅ የነጣች ሮዝ ነበረች፤ ጠርዟም መጠውለግ ጀምሯል። ቀለም ደግሞ ለአስር አይካፈልም።

«ሰማያዊ ነው» አልኳት።

እስክጨምርበት ጠበቀችኝ። ያ ሰፊ አፌ እምቢ አለኝ።

እጇን ቀስ ብላ አነሳችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ደህና» አለች። «አስገባኝ፤ በረደኝ።»